በሕግ አምላክ ያሉኝ ዕለት

በዚያ ክረምት ሁለት ወረቀቶች በአንድ ፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን ከነጠላዬ ስር ወሽቄ፣ ከገነተ ማርያም በላይ ካለው ቀያችን ወደ ላሊበላ ከተማ ስመላለስ ከረምኩ። አንደኛው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን ማንም አምጥቶት የማያውቅ ነጥብ ሰፍሮበታል። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ውጤቴ ነው፤ ሲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ሲ፣ ሲ እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ አንድ ዲ ተቀምጧል። ሁለቱም ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው ግን የማይተዋወቁ የሁለት ሰዎች ወረቀት ይመስሉኝ ነበር።

የምፈልገው ሕግ መማር ነው። ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም። የሕግ ትምህርት ክፍሉ የሚቀበለው ጥቂት ተማሪ ነው፤ መራጮቹ የመግቢያ ፈተናውንም የአንደኛ ዓመቱን ግሬድም እንደሚያዩ አውቃለሁ። የትኛውን አብልጠው እንደሚያዩ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ከያዘኝ አይለቀኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ ሬሳ ብታገኝ ለምን ሞትክ ብላ ትጠይቃለች» ትለኛለች። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ማስቆም ጀመርኩ፦ ፈተናው ከፍ ያለ፣ ግሬዱ ዝቅ ያለ ሰው ሕግ የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ነው?

ቱሪስት የሚያስጎበኘው ያጎቴ ልጅ «ሃምሳ ሃምሳ» አለኝ። እሱ ዝናብ ይዘንባል ወይ ቢሉትም ሃምሳ ሃምሳ ነው የሚለው። የገነተ ማርያሙ መሪጌታ «የተጻፈልሽ አይቀርም» አሉኝ። «አባ፣ በየትኛው ወረቀት ላይ ነው የተጻፈልኝ?» ብላቸው ሳቁና «አንቺስ ጠበቃ ሳትሆኚ አትቀሪም» ብለው አለፉ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ጠይቄም ከደጃዝማችነቱ ደጃፍ አልደረስኩም።

በመጨረሻ በከተማው ፍርድ ቤት አጥር ስር ተቀምጠው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ሽማግሌ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን በጃንጥላ ስር አንዲት ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ይጽፋሉ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ወረቀቶቼን ተቀብለው መጀመሪያ አንዱን አነበቡ።

«ይህች ጎበዝ ናት» አሉ። ሌላውን አነሱ። «ይህችስ የማን ናት?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

«ኧረግ!» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚኝ ልጄ፤ ዕድል ምናምን አትበይኝ። የሚመርጥሽ ሰው ነው። ሰው የማይስማሙ ሁለት ወረቀቶች ሲያይ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱን በማመልከቻ ታስገቢያለሽ። ከወደዱት ለቃለ መጠይቅ ይጠሩሻል። ታመሽ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነበርኩ።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር። እሱም ቢ ያመጣሁ ጊዜ ነው።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ስትታመሚ ቢ፣ ስትድኚ ሲ። ይህንን ጽፌ ባስገባ የሚስቁት በእኔ ነው። ሂጂና ምክንያትሽን ፈልገሽ ነይ» አሉኝ።

ዳገቱን ስወጣ ምክንያቴን ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር ፍለጋው ደስ አለኝ፤ ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው መመራመር ጀመርኩ። አንድ ነገር ታየኝ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢያችን ግን ይበልጥ የሚታወቁት በሽምግልና ነው። ድንበር የተጋፋ፣ ትዳር የከፋው፣ ከብቱ አዝመራ የበላበት ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለችው ወይራ ስር ይቀርባል። እኔ ከትንሽነቴ ለሽማግሌዎቹ ውኃ አቀርባለሁ ብዬ እሄድና ከአባቴ ጀርባ ተቀምጬ ነገር ስሰማ እውል ነበር። እዚያ አንድ ሕግ አለ። ተናጋሪው «ጨርሻለሁ» እስኪል ማንም አፉን አይከፍትም። ቢያለቅስ ይጠበቃል፤ ቢዋሽም ይጠበቃል። መሃል ላይ ጥልቅ ያለ ሽማግሌ ሌላ ቀን አይጠራም።

እኔ ፈተና የምፈተነው እንደዚያ ነበር። አራቱን ምርጫ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። የመጀመሪያው ደስ ቢለኝም አልቸኩልም፤ አራተኛውም ይናገር እላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ክፍል ውስጥ በመናገር ነጥብ ይሰጣል። መምህሩ ጠይቆ ሳይጨርስ አስር እጅ ይወጣል። እኔ ጥያቄው እስኪያልቅ ስጠብቅ መልሱ አልቆ፣ ወደ ሌላ ርዕስ ተሄዶ አገኘዋለሁ። የቡድን ሥራ ሲቀርብም እንዲሁ ነው፤ የጻፍኩት እኔ፣ የሚናገረው ሌላ። ሰው ሲናገር ዝም ማለት ነጥብ ያስቀንሳል ብሎ ማን ያስባል!

ታዲያ ሁለቱን ወረቀቶች የወለደቻቸው አንዲት ልማድ ናት ማለት ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ዲው ብቻ ቀረኝ። የዲውን ምክንያት ግን አስቀድሜም አውቀው ነበር፤ ለአባቴ መናገር አፍሬ ነው የቆየሁት። በልቤ ግን እኮራበት ነበር።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ገብስ ስናርም ነገርኳቸው።

የማጠቃለያ ፈተናው ዕለት ጠዋት እስክሪብቶ ልገዛ ወጥቼ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ እየተመለስኩ ነበር። በሩ አጠገብ ካለው ግንብ ስር ሁለት ሴቶች ተያይዘዋል። አንዷ ቆሎ ሻጭ ናት፤ ሌላዋ ቅቅል ድንች ትሸጣለች። ተማሪው ሁሉ ጆሮው ላይ ሽቦውን ሰክቶ ያልፋል። ቆሎ ሻጯ ቀና ብላ እኔን አየችና «በሕግ አምላክ!» አለች።

ቆምኩ። ምን ላድርግ? በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ተብዬ ነው ያደግሁት። በእኛ ዘንድ በሕግ አምላክ የተባለ አላፊ አግዳሚ ዳኛ ነው፤ ሰምቶ ነገሩን ሳያበርድ አይሄድም። ቆሎ ሻጯ ነገረችኝ፦ ቦታው የእሷ ነው፣ ስንት ዓመት ተቀምጣበታለች፣ ታማ ጠበል ሄዳ ስትመለስ ይቺ ሴት ተቀምጣበት አገኘቻት፣ ተነሽ ብትላት እምቢ አለች። ነገሯ ረዘመ፤ ዕንባም ነበረው። ሰዓቴን ሳይ ፈተናው ተጀምሯል። ድንች ሻጯን «እማማ፣ ቦታው የእሷ ከሆነ ይነሱላት» አልኩና ሮጥኩ። የፈተናው ክፍል በር ላይ ስደርስ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ፈታኙ አላስገባም አለ። በመስኮት ባዶ ወንበሬን አይቼ ተመለስኩ፤ ቀድሞ የያዝኩት ነጥብ ዲ ላይ ብቻ አደረሰኝ።

ይህን ነግሬያቸው የአባቴን ፊት አየሁ። ቢያንስ «የእኔ ልጅ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የነቀሉትን አረም እንደያዙ ቀና አሉ።

«ድንች ሻጭቱ ምን አለች?»

«ምን?»

«ተነሽ ያልሻት ሴት። እሷ ምን ብላ መለሰች?»

አሰብኩ። ፊቷ ትዝ ይለኛል፤ አፏን ከፍታ ነበር። «አልሰማኋትም» አልኩ።

«ጨርሻለሁ አለች?»

«አልጀመረችም።»

አረሙን ጣሉት። «እንግዲያ ከሁለት ያጣሽ ሆነሻል። ፈተናውንም አልተፈተንሽ፣ ዳኝነቱንም አልዳኘሽ።»

ተናደድኩ። «አባ፣ የቆምኩት እኮ እርስዎ ስላስተማሩኝ ነው! ከዚያ ሁሉ ተማሪ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ!»

«መቆሙንማ ቆመሻል» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ዝም ብሎ ያለፈው ተማሪ ግን ማንንም አላስነሳም።» ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ስለ ገብሱ ብቻ ነው ያወራነው።

ማመልከቻ ጻፊው ሽማግሌ ግን ታሪኩን ሲሰሙ እጃቸውን አፋተጉ። «ይህ ነው ምክንያት! ሕግ ልማር የምትል ልጅ፣ ስለ ሕግ ብላ ቆማ ፈተና አመለጣት! ይህንን አንብቦ የማይራራ ዳኛ ካለ ሰው አይደለም።» ያን ቀን እጃቸው ተባርኮ ነበር። ወራጅ ውኃው ገባ፣ የአበው ሥርዓት ገባ፣ ባዶው ወንበር ገባ። ሲያነቡልኝ ለራሴ አዘንኩ። እስከ መጨረሻው ካዳመጥኩ በኋላ ነው ድንች ሻጯ ማመልከቻው ውስጥ እንደሌለች ያስተዋልኩት። «አመልካቿ ሁለት ባልቴቶች ሲጣሉ አስማምታ» ይላል። አላስማማሁም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሕግ መግባቴን አሰብኩ። ፈረምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። አባቴ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ስለ ቃለ መጠይቁ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። መኪናው ሲነሳ ብቻ በመስኮቱ በኩል «ያቺን ሴት ካገኘሻት ጠይቂያት» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። አልሰማኋት።»

ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ አብራኝ ትማር ከነበረች ልጅ ቤት አደርኩ። ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ነው፤ እኔ ገና ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከግቢው በር ላይ ነበርኩ። ቆሎ ሻጯ ግንቡ ስር፣ ዝናብ በማያገኛት ቦታ ተቀምጣለች። ድንች ሻጯ የለችም። አንድ ደስ የማይል ደስታ ተሰማኝ፤ ከሌለች ምን አደርጋለሁ፣ ፈልጌያታለሁ እላለሁ። ግን እግሬ አላርፍ ብሎ መንገዱን ተከትዬ ሄድኩ። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ሚኒባስ የሚዞርበት ቦይ ዳር፣ ድንቿን በላስቲክ ሸፍና አገኘኋት። መኪና ባለፈ ቁጥር ጭቃው ላስቲኩ ላይ ይረጫል።

«እማማ፣ ያስታውሱኛል?»

«እንዴት እረሳሻለሁ? የፈረድሽብኝ ልጅ አይደለሽ?» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም ቅቅል ድንች አነሳችልኝ።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ነዎት?»

«ታዲያ የት ልሁን? በሕግ አምላክ ብላ አስቆመችሽ፤ አንቺም ተነሽ አልሽ፤ ተነሳሁ።»

«እኔ እኮ ማንም አይደለሁም! ተማሪ ነኝ!»

«ስትፈርጂ አልነገርሽኝም» አለች።

ድንቹን እንደያዝኩ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴ የጠየቁኝን ጠየቅኳት፦ ያን ቀን ምን ሊሉ ነበር? ነገረችኝ። ቆሎ ሻጯ ጠበል ስትሄድ ቦታውን አደራ ያለቻት ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዳይዝብኝ ተቀመጪልኝ ብላ። ይቺም አደራ ብላ የራሷን ቦታ ትታ ተቀመጠች። ሳምንት ሳይሞላ የእሷን ቦታ ልብስ ሻጭ ያዘው። ቆሎ ሻጯ ተመልሳ ተነሽ ስትላት መሄጃ የላትም። «እምቢ አላልኳትም። ትንሽ ጠጋ በይልኝ ነው ያልኳት» አለችኝ። ከዚያም ያላሰብኩትን ቃል ጨመረች። «በቃ፣ ጨርሻለሁ።»

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ገባሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያለችው መምህርት ማመልከቻዬን ይዛለች። ሁለቱን ወረቀቶቼንም ጎን ለጎን ዘርግታቸዋለች፤ እኔ በክረምቱ እንደማደርገው።

«እንዲህ ያለ ማመልከቻ አንብቤ አላውቅም» አለች። «እስቲ በአንደበትሽ ንገሪን። ሴቶቹን እንዴት አስማማሻቸው?»

በዚያች ቅጽበት የነበረው ፈተና አራት ምርጫ አልነበረውም። ሁለት ብቻ። ማመልከቻውን ብደግመው እገባለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ያሰብኩትን ዛሬም አልክድም። ድንቹ ቦርሳዬ ውስጥ ገና ይሞቅ ነበር።

«አላስማማኋቸውም» አልኩ። «ማመልከቻው ጎደሎ ነው።» ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፦ አንዷን ብቻ ሰምቼ መፍረዴን፣ ሌላዋ ከቦይ ዳር መቀመጧን፣ ይህንንም የሰማሁት ገና ዛሬ ጠዋት መሆኑን። አንደኛው መምህር ፈገግ አለ፤ በእኔ ይሁን በነገሩ አላውቅም።

መምህርቷ «እንግዲያ ይህንን ዲ እንዴት እንየው?» አለች።

«እንዳለ እዩት።»

«የሚጠቅምሽ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም» አልኩ፤ ዕንባዬ መጣ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልታየኝም።

«የምትጨምሪው አለሽ?»

«የለኝም። ጨርሻለሁ።»

ከዚያ ወጥቼ ድንች ሻጯን እጇን ይዤ ወደ ግንቡ አመጣኋት። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጬ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ቀትር ድረስ ነው የሰማኋቸው። አላቋረጥኳቸውም። የምሮጥበት ቦታም አልነበረኝም። ቆሎ ሻጯ የድንች ሻጯ ቦታ በልብስ ሻጭ መያዙን ስትሰማ ክው አለች።

«መቼ ነገርሽኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ቆሎ ሻጯ የቆሎ ከረጢቷን አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ሳበች። አልተሳሳሙም፣ ኩርፊያውም ወዲያው አልበረደም። ድንች ሻጯ ግን ላስቲኳን አራግፋ ዝናብ በማያገኛት ቦታ ተቀመጠች።

ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር የሕግ ክፍሉ ምደባ ዝርዝር እስኪለጠፍ እዚያው ከተማ ቆየሁ። ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ነው ያነበብኩት፤ ከላይ ለመጀመር ድፍረት አልነበረኝም። ስሜን ብዙም ሳልርቅ አገኘሁት። በየትኛው ወረቀት እንደገባሁ፣ በፈተናው ይሁን፣ ግሬዱ ተዘልሎ ይሁን፣ የዚያን ቀን ንግግሬ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። መምህርቷ በኋላ ስታስተምረን ጠይቄያት «የኮሚቴ ምስጢር ነው» ብላ ስቃ አለፈችኝ። ዛሬም ይከነክነኛል።

ያን ዕለት ግን ደወልኩ። በቀያችን ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ አባቴና እናቴ ሰዓት ተቀጣጥረን እዚያ ወጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«አባ፣ ገባሁ! ሕግ ገባሁ!»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ሴትዮዋስ?» አሉ አባቴ።

«የቷ?»

«ያስነሳሻት።»

«ተመልሳለች። ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አሁን እዚህ ሆኜ አያቸዋለሁ።»

ስልኩን ከጆሯቸው ሲያርቁት ተሰማኝ። ከዚያ ለሌላ ሰው «በይ አሁን ትችያለሽ» ሲሉ ሰማሁ፤ ወዲያው የእናቴ እልልታ ጆሮዬን ሞላው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እጇን ይዘው እንዳትጮህ ከልክለዋት ነበር።